ሴሎች ተያይዘው ሽፋን የሚሆኑት እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪዎችና አንዳንዴም ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረናል።

ኤፒተልየም ምንድን ነው?

የሰውነታችንን ውጫዊ ገጽ የሚያለብስ፣ ውስጡ ክፍት የሆነን አካል ሁሉ ደግሞ ከውስጥ የሚሸፍን የሴሎች ንጣፍ ነው። የቆዳ የላይኛው ክፍል፣ የአፍ ውስጥ፣ ጨጓራ፣ አንጀት፣ የሳንባ የአየር ከረጢቶች፣ የኩላሊት ቱቦዎች፣ የሽንት ፊኛ፣ ሁሉም አላቸው። ላብ፣ ምራቅና የጡት ወተት የሚያመነጩት ዕጢዎችም የተሠሩት ከእሱ ነው።

ከሌሎች ህብረ ሕዋሳት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ሴሎቹ በጣም ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። አጥንት ወይም ጅማት ውስጥ ሴሎቹ ተራርቀው፣ መሀሉን ሌላ ነገር ሞልቶት ታገኛላችሁ። እዚህ ግን መሀል የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሴል ላይና ታች አለው። ላዩ ወደ ክፍቱ ቦታ ያያል፤ ታቹ ከሥሩ ካለው አካል ጋር ይያያዛል። ይህን ሁለተኛውን ያዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የቆዳና የአንጀት ሽፋን አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። ሥራቸው ስለሚለያይ ቅርጻቸውም ይለያያል። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ቶሎ ማለፍ ስላለበት ያለው አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ሴል ብቻ ነው። አንጀትም አንድ ረድፍ ነው፣ ግን ሴሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ምግብ መምጠጥ ብዙ ሥራ ነው። ቆዳ፣ አፍና የምግብ ቧንቧ ላይ ደግሞ ብዙ ረድፍ ተደራርቧል። መፋተግ ስለሚበዛባቸው ከላይ ያለው ይረግፋል፣ ከሥር ያለው ይተካዋል። የአየር ቧንቧ ሴሎች ጫፋቸው ላይ ሲልያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሏቸው። ማድ ቤት ውስጥ የሳባችሁትን ጥቀርሻ ከአክታ ጋር ወደ ላይ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው።

ማትሪክ ላይ ይመጣል ወይ ለምትሉ፦ የኤፒተልየሙን ዓይነት ለመሰየም መጀመሪያ ረድፉን ቁጠሩ፣ ከዚያ የላይኛውን ረድፍ ሴል ቅርጽ እዩ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የታችኛውን ረድፍ አይቶ ስም ሲሰጥ ነው።

ሴሎቹን ያያያዛቸው ሙጫ ነው?

ሙጫ ብሎ ማሰብ ይቀናል፣ ግን አይደለም። ሙጫ ከውጭ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ አለቀ። የሴሎች መያያዣ ግን ከራሳቸው ከሴሎቹ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አንዱ ጫፉ የሴሉን ስስ ሽፋን ሰንጥቆ ወደ ውጭ ይወጣና የጎረቤቱን ፕሮቲን ይይዛል። ሌላው ጫፉ ሴሉ ውስጥ ከተዘረጉት የፕሮቲን ክሮች ጋር ይታሰራል። ስለዚህ የተያያዘው የሁለቱ ሴሎች ገጽ ብቻ ሳይሆን የውስጥ ውቅራቸው ጭምር ነው።

በዚያ ላይ መያያዣው እንደተተከለ አይቀርም። ሴሉ ፕሮቲኖቹን ከገጹ ላይ እያነሳ ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ አዲስ ያወጣል። ይህ በየሰዓቱ የሚካሄድ ሥራ ነው። ባይሆን ኖሮ ቁስል አይዘጋም፣ ፅንስም ቅርጽ አይዝም ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልሂድ የሚል ሰው ይህን ቢይዝ ይበቃዋል፤ ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በእሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሴል ተመራማሪዎቹ ማሪሊን ፋርኳርና ጆርጅ ፓላዴ የተለያዩ ኤፒተልየሞችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው አንድ ተመሳሳይ የመያያዣዎች ቅደም ተከተል አገኙ። ከላይ ታይት ጃንክሽን፣ ቀጥሎ አድሄረንስ ጃንክሽን፣ ከዚያ ዴስሞሶም። ዛሬም መጽሐፍ ላይ የምታዩት ሥዕል ይኸው ነው።

ታይት ጃንክሽን ሥራው ምንድን ነው?

በሁለት ሴሎች መካከል ያለውን መንገድ መቆጣጠር ነው። ሴሉን ከላይ በኩል ዙሪያውን ይከበዋል። ዋናዎቹ ፕሮቲኖቹ ክላውዲንና ኦክሉዲን ይባላሉ። ክላውዲንን የነሾይቺሮ ጹኪታ የጃፓን ቡድን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በሰው ላይ ከ20 በላይ ዓይነት አለው።

ስሙን ሰምቶ «ጥርቅም ብሎ የተዘጋ» የሚመስለው ብዙ ነው። የሚወስነው ግን የትኛው ክላውዲን እዚያ እንዳለ ነው። ክላውዲን 2 ያለበት ቦታ ሶዲየምና ውሃ በሴሎቹ መሀል ያልፋሉ። ኩላሊት ውስጥ ክላውዲን 16 ማግኒዥየም ወደ ደም የሚመለስበትን መንገድ ይከፍታል፤ ይህ ፕሮቲን ተበላሽቶበት የተወለደ ሰው ማግኒዥየሙን በሽንት ያጣዋል። ቆዳ ላይ ደግሞ ክላውዲን 1 አለ። እሱ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ውሃቸው በቆዳቸው በኩል ተኖ በአንድ ቀን ውስጥ ሞተዋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ሥራም አለው። በሴሉ ላይኛ ፊት ያሉት ፕሮቲኖች ወደ ጎንና ወደ ታች ፈስሰው እንዳይቀላቀሉ ይከላከላል። አንጀት ላይ ግሉኮስን ከምግብ የሚቀበለው ፕሮቲን ከላይ፣ ወደ ደም የሚያሳልፈው ደግሞ ከታች መሆን አለበት። ሁለቱ ቦታቸውን ከሳቱ ስኳሩ አቅጣጫ አይኖረውም።

ካልሲየም ሴሎችን ያያይዛል ይባላል። ወተት ብጠጣ ቆዳዬ ይጠነክራል?

የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። አድሄረንስ ጃንክሽን ላይ ዋናው ፕሮቲን ኢ-ካድሄሪን ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ክፍሉ ቀጥ ብሎ ጎረቤቱን መያዝ የሚችለው ካልሲየም ሲያገኝ ነው። ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ካድሄሪኖች ላይ የደረሰው ሴሎች ካልሲየም ሲኖርና ሳይኖር እንዴት እንደሚያያዙ ሲመረምር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዛሬም ሴሎችን ለመለያየት ካልሲየሙን የሚነጥቅ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ይጨመራል።

ሰውነት ግን በደምና በሴሎች ዙሪያ ያለውን ካልሲየም በጣም በጠባብ ልክ ነው የሚይዘው። ሲጎድል ከአጥንት ያወጣል፣ ሲተርፍ በሽንት ይጥላል። ወተት ጠጡ፣ ለአጥንት ደግ ነው። የቆዳ ሴሎቻችሁ ግን ወተቱ ቢቀርም ባይቀርም የሚበቃቸውን አያጡም።

ዴስሞሶም ከአድሄረንስ ጃንክሽን በምን ይለያል?

በታሰረበት ክር። አድሄረንስ ጃንክሽን የሚታሰረው ከአክቲን ጋር ነው። አክቲን ማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ ይኮማተራል። ብዙ ሴሎች ከላይ በኩል አብረው ሲኮማተሩ ንጣፉ ይታጠፋል፤ በፅንስ ላይ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚጠቀለለው በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

ዴስሞሶም ደግሞ ከኬራቲን ጋር ይታሰራል። ፀጉርና ጥፍር የሚሠሩበት የፕሮቲን ቤተሰብ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይኮማተርም። የጃኬት ቁልፍ አስቡ። ያለው ነጠላ ነጠላ ቦታ ላይ ነው፣ ሲሳብ ግን ኃይሉ ቁልፉ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ጨርቁ ይሰራጫል። ለዚህ ነው ዴስሞሶም መጎተትና መፋተግ በሚበዛበት ቦታ የሚበረክተው።

ጋፕ ጃንክሽንስ?

ማያያዣ ከሚባል መተላለፊያ ቢባል ይሻላል። ኮኔክሲን የሚባሉ 6 ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው ቀዳዳ ይሆናሉ፤ ከጎረቤት ሴል ቀዳዳ ጋር ገጥመው ቱቦ ይሠራሉ። ጨውና ትንንሽ ሞለኪውል ያልፋል፣ ፕሮቲን አያልፍም። ወሰኑ 1,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን የውስጥ ጆሮ ሴሎች የሚጠቀሙበት ኮኔክሲን 26 ሲበላሽ ልጅ መስማት ተስኖት ሊወለድ ይችላል። በዘር ከሚመጣ መስማት አለመቻል ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከጎን ተያያዙ፤ ከታችስ ምን ይዟቸዋል?

ከሥራቸው ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል ስስ ምንጣፍ አለ። ስሙ ሜምብሬን ይበል እንጂ የሴል ሽፋን አይደለም፤ ላሚኒንና 4ኛው ዓይነት ኮላጅን የሚባሉ ፕሮቲኖች ተጠላልፈው የሠሩት መረብ ነው። ሴሎቹ እሱን የሚይዙት ሄሚዴስሞሶም በሚባል መያያዣ ነው። እዚህ የሚይዘው ፕሮቲን ካድሄሪን ሳይሆን ኢንቴግሪን ነው። ፈተና ላይ እነዚህን ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ምንጣፉ መቆሚያ ብቻ አይደለም። ሴሉ «ታች» የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በእሱ ነው። ከእሱ የተነቀለ ጤነኛ ሴል ብዙውን ጊዜ ራሱን ይገድላል። ይህ ጨካኝ የሚመስል ሕግ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ከቦታው የወጣ ሴል ሌላ ቦታ ሄዶ እንዳይበቅል ያደርጋል።

ኤፒተልየም ደም ስር የለውም ከተባለ፣ ጢም ስንላጭ ለምን ደም ይመጣል?

ምላጩ ኤፒተልየሙን አልፎ ስለሄደ ነው። ደም ስሩ ያለው ከሥር፣ ደርሚስ በሚባለው የቆዳ የታችኛው ክፍል ውስጥ ነው። ደርሚስ ደግሞ ወደ ላይ ጉብ ጉብ እያለ ኤፒተልየሙ ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ ጭረት እንኳ ያገኘዋል። የኤፒተልየም ሴሎች ምግብና ኦክስጅን የሚደርሳቸው ከዚያው ከሥር እየሰረገ ነው። ቆዳችሁ ተልጦ ደም ሳይሆን ውሃ መሰል ነገር ብቻ ካወረዛ፣ ጉዳቱ ጥልቅ አይደለም።

ሽንፍላና ጨጓራ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ የሚላጠው ምንድን ነው?

ለአረፋም ለፋሲካም በግ ያረደ ቤት ያውቀዋል። ያ ጠቆር ያለው፣ በሙቅ ውሃ ተነክሮ በቢላ ሲፋቅ የሚነሳው ኤፒተልየም ነው። በግ፣ ፍየልና ከብት አራት ክፍል ያለው ሆድ አላቸው። ሦስቱ የሚያድሩት ከሻካራ ሣር ጋር ስለሆነ ውስጣቸው እንደ ቆዳችን ብዙ ረድፍ ባለው፣ ኬራቲን በሞላው ኤፒተልየም ተሸፍኗል። አሲድ የሚያመነጨው አራተኛው ነው፤ የእሱ ሽፋን ለስላሳና አንድ ረድፍ ነው።

ሙቀቱ ኤፒተልየሙን ከሥሩ የያዙትን ፕሮቲኖች ያበላሻቸዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሽፋኑ ዱቄት ሆኖ ሳይሆን ቅርፊት ቅርፊት እያለ ነው የሚነሳው። ከታች ቢለቅም ከጎን ገና ተያይዟል ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ማሳየት ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ዋጋውም ዱለት ነው። ታጥቦ ነጭ ሆኖ የሚቀረውና የምንበላው በአብዛኛው ጡንቻና ኮላጅን ነው።

ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ የሚያለፋው ቆዳ ኤፒተልየም ነው?

አይደለም፣ እንዲያውም ኤፒተልየሙ መጀመሪያ ከሚወገዱት ነገሮች አንዱ ነው። ቆዳ ሲለፋ ከመታጠብ ቀጥሎ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል። ሰልፋይዱ ኬራቲንን ያፈርሰዋል፣ ፀጉሩም የላይኛው ሽፋንም ይሄዳል። የቀረው ደርሚስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በክሮም የሚለፋው፣ ጫማና ቦርሳ የሚሆነው እሱ ነው።

አጎዛ ግን የተለየ ነው። ፀጉሩ እንዲቀር ስለሚፈለግ ኖራው ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ የላይኛው ሽፋንም አብሮ ይቀራል። አያቶቻችን አጎዛው እርጥብ ሆኖ ከቆየ ፀጉሩ እንደሚረግፍ ያውቁ ነበር። ባክቴሪያ ሲበላው ሽፋኑ ከደርሚሱ ስለሚላቀቅ ነው።

ደሴ ስሆን ከንፈሬና እጄ ይሰነጠቃል፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ይሻለኛል። ለምን?

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በመሀል ያለውን የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ አየሩ ሲለወጥ ይሰማችኋል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው፤ ነፋስ ሲጨመርበት ከቆዳ ላይ ውሃውን ይወስዳል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ጦሳ ተራራ ሥር የቆመ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ነገሩ ወደ መያያዣዎቹ ይመጣል። የቆዳ የመጨረሻው ላይኛ ክፍል የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። ቢሞቱም በተለወጠ ዴስሞሶም እንደተያያዙ ናቸው። በጊዜያቸው ኤንዛይሞች መያያዣውን ይቆርጡና ሴሎቹ ሳናያቸው አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ኤንዛይሞቹ ለመሥራት ውሃ ይፈልጋሉ። ቆዳው ሲደርቅ ሥራቸው ይስተጓጎላል፣ ሴሎቹ ሳይለቁ ይከማቹና በቅርፊት ይነሳሉ፣ ድርቁም ይሰነጠቃል። ከንፈር ይብሳል፤ የሞተው ድርድር እዚያ ስስ ነው፣ ላብም የለውም። ቫዝሊን ወይም ቅቤ የሚረዳው ውሃ ስለሚሰጥ ሳይሆን ያለው እንዳይተን ስለሚጋርድ ነው። ፊት እንደታጠባችሁ፣ ሳይደርቅ ቀቡት። ከንፈር መላስ ግን ያባብሳል።

ትኩስ ቡና ያቃጠለው ላንቃ ለምን ቶሎ ይድናል?

የአፍ ሽፋን ከቆዳ ይልቅ በፍጥነት ይታደሳል፣ በምራቅም እንደረጠበ ነው። ቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች ዴስሞሶማቸውንና ከሥር የያዛቸውን ያላላሉ፣ ጠፍጠፍ ይላሉ፣ በተጋለጠው ቦታ ላይ መሳብ ይጀምራሉ። አንድ በአንድ ተበታትነው ሳይሆን እንደተያያዙ፣ እንደ ንጣፍ ነው የሚሄዱት። ከኋላቸው ያሉት እየተባዙ ቦታውን ይሞላሉ። ከሁለቱም ወገን የመጡት ሲገናኙ ይቆማሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ።

ለማነጻጸር ያህል፣ የትንሹ አንጀት ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይታደሳል። የቆዳ የላይኛው ክፍል አንድ ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

ውሃ የቋጠረ ቆዳ ሴሎች ተለያይተው ነው?

አዎ፣ ግን የተለያዩበት ቦታ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። አዲስ ጫማ ተረከዝ ላይ፣ አካፋ መዳፍ ላይ የሚያወጣው የሚሰነጠቀው በኤፒተልየሙ መሀል ነው። መፋተጉ የመሀሉን ሴሎች ይቀድና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። አታፍርጡት፤ ላዩ ከየትኛውም ፕላስተር የተሻለ መሸፈኛ ነው። ሙቅ ውሃ ወይም እሳት የሚያወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠለቅ ብሎ ኤፒተልየሙ ከደርሚሱ የሚላቀቅበት ነው።

ምክንያት ሳይኖር የሚወጣ ሲሆን ግን ቸል አይባልም። ፔምፊገስ በሚባለው ሕመም የሰውየው የራሱ የመከላከያ ፕሮቲን ዴስሞግሌይን የሚባለውን የዴስሞሶም ክፍል ያጠቃል። ቆዳው በቀላሉ ይገፈፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ውስጥ ነው። ፔምፊጎይድ ደግሞ ከሥር ያለውን ሄሚዴስሞሶም ያጠቃል፣ የቋጠረው ወጠር ያለ ነው፣ በአብዛኛው አረጋውያንን ይይዛል። ሕፃናት ላይ በስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ አለ፤ ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ዴስሞግሌይን 1ን ይቆርጠዋል። ሦስቱም መድኃኒት አላቸው፣ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ቅባት እየቀያየሩ ከመሞከር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው።

ሴል ሲሞት ንጣፉ ለምን አይበሳም?

ጎበዝ ተማሪ ነው ይህን የሚጠይቀው። የሚሞተው ሴል ዝም ብሎ አይሞትም፤ ለጎረቤቶቹ ምልክት ይልካል። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን የአክቲንና የማዮሲን ቀለበት ይሠሩና እየጠበቡ ወደ ላይ ገፍተው ያስወጡታል። እሱ ሲወጣ እነሱ ከሥሩ ተገናኝተው አዲስ መያያዣ ሠርተው ጨርሰዋል። በመሀል ክፍተት የሚታይበት ጊዜ አይኖርም።

የሚገርመው፣ ያልሞተ ሴልም በዚሁ መንገድ ይባረራል። ቦታው ሲጨናነቅ ጤነኛ ሴል ተገፍቶ ይወጣል፣ የሚሞተው ከወጣ በኋላ ነው። አንጀት ውስጥ በየቀኑ የሚረግፉት አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው።

ተቅማጥ የሚይዘን ሴሎቹ ተላቀው ውሃ ስለሚያፈስሱ ነው?

እንደ ተቅማጡ ዓይነት ነው። ኮሌራን ውሰዱ። በቀን ብዙ ሊትር ውሃ ያስወጣል፣ ግን ሽፋኑ በአብዛኛው እንዳለ ነው። የባክቴሪያው መርዝ የሚያደርገው ሴሎቹ ውስጥ ገብቶ የክሎራይድ ቦይ ከፍቶ መተው ነው። ክሎራይድ ይወጣል፣ ሶዲየም ይከተላል፣ ውሃም ይከተላል። ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በእርግጥም የትልቁን አንጀት ሽፋን ወርሮ ያቆስለዋል፤ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሮታቫይረስ የሚገድለው የትንሹን አንጀት ሽፋን ጫፍ ጫፍ ሴሎች ነው። ታይት ጃንክሽንን በቀጥታ የሚነካም አለ፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዝ ክላውዲን 3ንና 4ን ይይዛል።

ኦ.አር.ኤስ. የሚሠራበትን ምክንያት የሚያስረዳውም ይኸው ነው። በኮሌራም ጊዜ ከሴሉ ላይ በኩል ያለው የግሉኮስና የሶዲየም ማስገቢያ ፕሮቲን አልተነካም። ይህ ፕሮቲን ከ1 ግሉኮስ ጋር 2 ሶዲየም ያስገባል፣ ውሃውም አብሮ ይገባል። ስኳር ብቻውን ወይም ጨው ብቻውን የማይሠራው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ በሚመክረው ቅይጥ በሊትር 75 ሚሊሞል ግሉኮስና 75 ሚሊሞል ሶዲየም አለ፣ እኩል ነው። ፓኬቱን በትክክል በ1 ሊትር በጥብጡት። ከጠፋ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ያልተቆለለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አትጨምሩ፣ ለሕፃን አደገኛ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም የፈዘዘ ልጅ ካለ ግን ቤት አይቆይም፣ ጤና ጣቢያ።

ቲክቶክ ላይ «አንጀትህ ያፈስሳል» እያሉ መድኃኒት ይሸጣሉ። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ለሻጭ ይመቻል። የአንጀት ታይት ጃንክሽን ሊላላ እንደሚችል ይታወቃል። ሲሊያክ በሚባለው የስንዴ ግሉተን ሕመምና በክሮን ሕመም ጊዜ ይታያል። የቆየ የሕመም ማስታገሻ አጠቃቀም፣ ለምሳሌ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ ሽፋኑን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ ተነስቶ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የፊት ብጉር፣ ጭንቀት፣ ሁሉም የሚመጣው «ከሚያፈስስ አንጀት» ነው ማለት ግን አልተረጋገጠም። በአንዳንዶቹ ሕመሞች ላይ መላላቱ ምክንያት ይሁን ውጤት መለየትም ቀላል አይደለም። በጠርሙስ ተሸጦ ክላውዲን የሚጠግን ዱቄት የለም። ገንዘቡን ለሰገራ ምርመራ አውሉት፤ እኛ አገር የሆድ ቁርጠት ከክላውዲን ይልቅ ጃርዲያ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዴስሞሶም የኤፒተልየም ብቻ ነው?

አይደለም፣ ይህ የተንኮል ጥያቄ ነው። ልብ ጡንቻ እንጂ ኤፒተልየም አይደለም፣ ግን ሴሎቹ በዴስሞሶም ተያይዘዋል። በየምቱ ስለሚጎተት ያስፈልገዋል። በግሪክ ናክሶስ ደሴት የተገኘ አንድ በዘር የሚመጣ ሕመም ይህን በደንብ ያሳያል። ሕመምተኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጠቀለለ ሻካራ ፀጉር አላቸው፣ መዳፋቸውና የእግራቸው ሥር ይወፍራል፣ ካደጉ በኋላ የልብ ምታቸው ይዛባል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ፕላኮግሎቢን የሚባለው የዴስሞሶም ፕሮቲን ተበላሽቷል። መዳፍ አይቶ ልብን የሚመረምር ሐኪም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ካንሰር የሚስፋፋው ሴሎቹ መያያዛቸውን ሲያጡ ነው?

በከፊል። አዋቂዎች ላይ የሚታየው አብዛኛው ካንሰር ካርሲኖማ ነው፣ ማለትም ከኤፒተልየም የሚነሳ። ይህ አያስደንቅም፤ ዘወትር የሚባዛውም፣ ከጭስና ከፀሐይ ጋር የሚጋፈጠውም እሱ ነው። ብዙ ካርሲኖማዎች እየከፉ ሲሄዱ ኢ-ካድሄሪናቸውን ይቀንሳሉ፣ ሴሎቹ ይላላሉ፣ ቤዝመንት ሜምብሬኑን በስተው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ ለትውልዶች የተደጋገመ የጨጓራ ካንሰር ሲጠና የተበላሸው ጂን የኢ-ካድሄሪን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ይህ ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ካንሰሩ ሳይታይ ጨጓራቸውን እንዲያስወጡ የሚመከሩበት ጊዜ አለ።

«ኢ-ካድሄሪን ጠፋ፣ ካንሰር ተስፋፋ» ብሎ መሸምደድ ግን አይበቃም። እንደተያያዙ በቡድን የሚጓዙ የካንሰር ሴሎች አሉ፣ ኢ-ካድሄሪናቸውም አብሯቸው ነው። የጡት ካንሰር ሁለቱንም መልክ ያሳያል። ሎቡላር የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ኢ-ካድሄሪን የለውም፣ ሴሎቹም በማይክሮስኮፕ ነጠላ ሰልፍ ይዘው ይታያሉ። ደክታል የሚባለው ዓይነት በአብዛኛው ፕሮቲኑን ይዞ ተሰብስቦ ይገኛል። የፓቶሎጂ ሐኪም ሁለቱን መለየት ሲቸግረው ናሙናውን ኢ-ካድሄሪንን በሚያሳይ ቀለም አስቀልሞ ያያል።